የቀበቶ ማለፊያ የሌለው ሱሪ

ውድ ዌንደል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ስለሆነ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምህ ሲነሳ የምጠቀምበት ቃል ሌላ ነው፤ ኖርማ ታውቀዋለች፣ ምናልባት ነግራህ ይሆናል።

የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፤ የቀረውን ባታነበው አልቀየምህም። ልጄ ዳርላ በዚህ ሙቀት በምትለብሰው በዚያ ስስ ሱሪ ላይ የፕላስቲኩን የሽጉጥ አፎት ሰክታ ወደ ሥራ እንዳትሄድ። ሽጉጡን ስትመዘው አፎቱ አብሮ ይወጣል። ራሴ ሞክሬ አይቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ግን የነገርኳት በእኔ አነጋገር ስለነበረ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሰምታኝ ይሁን ወይስ ተቆጥታ ብቻ ይሁን አላውቅም። ነገ ቅዳሜ ሁለት ባዶ ቤቶች ለገዢ ታሳያለች። አንተን ትሰማሃለችና ዛሬውኑ ሂድ። ሽጉጡን ከጥይት አራግፋ፣ ያንን ሱሪ ለብሳ፣ በአንተ ፊት አሥር ጊዜ ትምዘዘው። ያኔ እኔ ሳልናገር ታየዋለች።

ስልክ ላንተም ልደውል ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ያንን ለስላሳ ድምፅህን ስሰማ ከአፌ ክፉ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ጻፍኩት። ከእራት በፊት ራሴ አምጥቼ በበርህ ሥር አስገባዋለሁ፤ መኪናዬን ብታይ አትውጣ።

አሁን የቀረውን።

ቀንቼብሃለሁ። በሰባ ስድስት ዓመቴ ይህን ቃል ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴን ስላገባህ ብቻ አይደለም፤ የዚያስ ጊዜው አልፏል። የቀናሁት ሰው አንተ ፊት ሲቆም ስለሚቀለው ነው። እኔ ፊት ሰው ሁሉ ቀጥ ይላል። በዚህ እኮራ ነበር።

አንተ በዋናው መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ ሸጥክ። እኔ ከቤቴ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል አርባ ሦስት ዓመት የሽጉጥ አፎት ሰፋሁ። ማንም አላስተማረኝም። የአጎቴን አሮጌ ኮርቻ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ እንደገና ሰፍቼ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት። ከዚህ አውራጃ ሸሪፎች መካከል ሦስቱ ጡረታ የወጡት የእኔን አፎት ታጥቀው ነው። እና ሁለታችንም የምንበላው ከቆዳ ነበር፤ ግን አንተ መጀመሪያ እግሩን ትለካለህ፣ እኔ መጀመሪያ ሽጉጡን እለካለሁ። ይህን ልዩነት ያየሁት በዚህ ወር ነው።

ኖርማ እግሯን ሲያማት «ቆዳ ነው፣ ሲቆይ ይላላል» እላት ነበር። አንድ ቀን ካንተ ሱቅ ተመልሳ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመች። ቀኝ እግሯ ከግራው በግማሽ ቁጥር እንደሚበልጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በጠበባት ጫማ እንደኖረች ነገረችኝ። ሰውየው ተንበርክኮ ሁለቱንም እግሬን ለካ አለችኝ። እኔም ሁለቱንም ለካ ብሎ ማን አዘዘው አልኳት። በዓመቱ ሄደች። «በጫማ ምክንያት ሚስቱ የሄደችበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እያልኩ በበርል የሽጉጥ ሱቅ ውስጥ ሰው አስቄያለሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወደ ዳርላ ልመለስ።

በመጋቢት ያ ሰው ቤት ልግዛ ብሎ መጥቶ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል አሳዪኝ ሲላት፣ ከኋላዋ ገብቶ በሩን ዘግቶ በጀርባው ሲደገፍበት፣ እዚህ መሆንሽን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ እኔ ከዚያ ስምንት ማይል ርቄ ክር ሰም እቀባ ነበር። የጎረቤቱ የሣር ማጨጃ ሞተር ድንገት ባይነሳና እሷም «ባለቤቱ መጣ» ባትል ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። የሰጠው ስም የውሸት፣ ስልኩም የውሸት። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህን ሁሉ አንተ በዚያው ቀን አወቅህ። የደወለችው ላንተ ነው።

እኔ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከበርል ነው። የሽጉጥ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ቡና ስጠጣ፣ ልጅህ ደህና ናት አሁን አለኝ። ምን ሆና አልኩት። የያዘውን የጥይት ካርቶን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አልነገሩህም እንዴ» አለ። «ይቅርታ ሆሊስ። እኔ እኮ አንተ የላክሃቸው መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ፤ በርል ጀምሮ የሚያቆም ሰው አይደለም። ዌንደል ዳርላን ይዞ መጣ አለ። ሦስት ዓይነት የሥራ ልብሷን በከረጢት አስይዞ መጣ አለ። ወንበር ይምጣልኝ አለ። ሰባት ሽጉጥ አንድ በአንድ አስያዛት፤ በያንዳንዱም የት ጋ ይቆረቁርሻል፣ ጣትሽ ቃታው ጋ ሳትለጠጪ ይደርሳል ወይ፣ ማቀባበል ትችያለሽ ወይ እያለ ጠየቃት። ትንሿ ቆንጆዋ በኪስ የምትገባው ሽጉጥ ሞላዋ ጠንካራ ሆኖ አቀባብላ መጨረስ ሲያቅታት፣ በርል ትለምደዋለች አለ፤ አንተ ግን ሴትን ሱቅ ውስጥ የጠበባት ጫማ ቤት ስትሄድ አይሰፋም አልከው። ለዚህ ነው ትንሽ ወፈር ያለችውን፣ የጥይት ካዝናው መልቀቂያ ቁልፍ ለግራ እጅ ጣት እንዲመች የሚዞርላትን የመረጠችው። ከዚያ ባዶውን የፕላስቲክ አፎት ሱሪዋ ውስጥ ሰክታ ተቀመጠች፣ ጎንበስ አለች፣ ወለሉ ላይ የወደቀ እርሳስ አነሳች፣ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ የደህንነት ቀበቶ አሰረች፣ ፈታች።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሽጉጥ ስሸጥ ሰው ተንበርክኮ የሴት ወገብ እንደ ጫማ ሲለካ አይቼ አላውቅም» አለኝ በርል። «መስታወት የለህም ወይ ብሎ ተቆጣኝ እኮ። እኔ ምን ላድርግ፣ የደንበኞቼን መልክ ስለማውቅ መስታወት አልሰቅልም።»

ሰዎች ሳቁ። እኔ ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። ልጄ ሞትን በር ላይ አይታ መጥታ፣ በዚህ አውራጃ ስለ ሽጉጥና ስለ አፎት ከማንም በላይ የሚያውቀውን አባቷን ትታ፣ ጫማ ሻጭ ጋ ሄደች። የታመመው ልቤ ነው ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። የታመመው ስሜ ነው።

በዚያው ቀን ሥራ ጀመርኩ። ሽጉጡን ራሴ መረጥኩላት፤ የራሴን ባለአምስት ጥይት አጭር ሪቮልቨር። ብረት ነው፣ አይጨናገፍም፣ ማቀባበልም አይፈልግም። ቆዳውን ከከብቱ ትከሻ ሳይሆን ከጀርባው፣ ጠባሳ የሌለውን ቆረጥኩ። ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ሽጉጡን በስስ ላስቲክ ጠቅልዬ ከተትኩበት፣ በአውራ ጣቴና በአጥንት መሣሪያዬ እየተጫንኩ እያንዳንዱን ጎድጓዳ አወጣሁ። ይህን ሥራ አታውቀውም። ቆዳው ደርቆ ሲያበቃ ያንን አንድ ሽጉጥ ብቻ ያውቃል፤ ሌላ አይቀበልም። በአንድ ኢንች ስምንት ስፌት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ከኋላው የስሜን ሁለት ፊደል መታሁበት።

እሷን ምንም አልጠየቅኋትም። ምን እጠይቃታለሁ፣ አባቷ ነኝ።

በልደቷ እሑድ ወደ ቤትህ መጣሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በኖርማ ጥሪ የምመጣባት ቀን። ያን ዕለት ያየሁትን አንተም እንዳየህ አውቃለሁ፤ ሰው ማየት ሥራህ ነውና። ያው ስለማትናገር እኔ ልጻፈው።

የጓሮውን በር ከፍቼ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ነበራችሁ። ዳርላ የተጠበሰ ዶሮ እየበላች ላንተ አንድ ነገር ታወራለች። ሹካዋ በግራ እጇ ነበር። ቀና ስትል አየችኝ። «አባባ፣ መጡ» አለች፤ እያለችም ሹካዋን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችው። ሳታስበው። ሰው ሲመጣ ቀሚስ እንደማስተካከል። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው።

ግራ እጇን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አጥሩ ጋ አቁሜ ሳስተኩሳት «ግራ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» እላት ነበር። መሣሪያው ሁሉ የተሠራው ለቀኝ ነው፣ ዓለሙ ለቀኝ ነው፣ እኔ ብለቃት ሌላው አይለቃትም ብዬ። በአሥር ዓመቷ ተስተካከለች ብዬ ለሰው ተናገርኩ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ በግራ ስትበላ አይቼ አላውቅም። በአንተ ጠረጴዛ ላይ ስንት ዓመት በግራ እንደበላች ማን ይነግረኛል።

አፎቱን አወጣሁ፤ ጥይቱን ያራገፍኩት ሪቮልቨሬ ውስጡ ነበር። የሆነውን ታስታውሳለህ። በጣም ያምራል አለች፤ አሸተተችው፣ ልጅ ሳለች የቆዳ ሽታ ትወድ ነበር። ታጠቂው አልኳት። ተነሳች። እንዴት እንደምትታጠቀው ፈልጋ ፈልጋ ወገቧን ዳበሰች። ሱሪዋ የቀበቶ ማለፊያ የለውም። ወገቡ ላስቲክ ነው። እኔ የሰፋሁት አፎት አራት ጣት በሚሞላ የቆዳ ቀበቶ ላይ የሚገባ ነው።

ኖርማ ሳህን ልታነሳ ተነሳች። አንተ ቀበቶህን ፈትተህ ሰጠሃት። ለበጎ እንዳደረግኸው አውቃለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን በዚያው ቀበቶ ላንቅህ ወድጄ ነበር። ልጄ ባንተ ቀበቶ የእኔን አፎት ታጠቀች፤ በቀኝ ጎኗ። ጃኬቷን ገለጥ አድርጋ ለመምዘዝ ስትሞክር ግራ እጇ ሆዷን አቋርጦ ሄደ፣ እጀታውን አጣው፣ ክርኗ የሻይ ብርጭቆዋን መታው። በረዶው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

«እለምደዋለሁ አባባ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው አንተ የተናገርከው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። «ሆሊስ፣ እሷ እኮ ግራኝ ናት» አልከኝ፤ ሰው ስሙን ለረሳ ሰው ስሙን እንደሚያስታውስ፣ በቀስታ።

እኔም የምሳ ዕቃ ክዳን በመሰለ ፕላስቲክ ነፍሷን የምታስጠብቅ ሴት አባት አይደለሁም ብዬ ወጣሁ። ሪቮልቨሬን ይዤ፣ አፎቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ። ስወጣ ከኋላዬ ዳርላ «ተወው ዌንደል፣ አትከተለው» ስትልህ ሰምቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት በርል ሱቅ ሄድኩ። ጥፋትህን ልፈልግ ነው የሄድኩት። እሷ የገዛችውን አፎት፣ ያንኑ፣ የግራውን ስጠኝ አልኩት። በርል መነጽሩን አወለቀ።

«ፕላስቲክ ነው እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«የምሳ ዕቃ ነው ብለሃል አሉ።»

«ወሬ ትሸጣለህ ወይስ አፎት?»

«ሁለቱንም፤ ወሬው ነፃ ነው» አለኝ። ያንን ለአፎት ሰፊዎች የሚሠራውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽጉጥ፣ የእሷን ሽጉጥ ቅርፅ፣ እሱንም ስጠኝ አልኩት። አርባ ሦስት ዓመት በአሻንጉሊት ላይ አልሠራም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። በርል ያን ጊዜ አላሾፈም። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሳያሾፍ ሲቀር ይብስ ያናድዳል።

ዘጠኝ ቀን ታጠቅሁት። በጂንስ ሱሪዬ ውስጥ፣ በቀበቶ፣ በግራ ጎኔ፤ በግራ እጄ እየመዘዝኩ። ቆዳ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ላብ እንደሚያዝለው፣ ፕላስቲክ ግን እንደማይሰማው አውቃለሁ፤ ይህን ለማመን አልከበደኝም። ቃታውን በሚገባ ይሸፍናል። ሲያስገቡት ጠቅ ብሎ ይይዛል፣ ሲመዙት ይለቃል። ተቀመጥኩ፣ መኪና ነዳሁ፣ እንጨት ጫንኩ። ሸሚዜ ላይ ያበጠ ነገር አይታይም። የመረጣችሁት ሽጉጥ መልካም ነው፤ የመረጣችሁት አፎትም። ይህን ስጽፍ እጄ ያመኛል፤ ግን እውነት ነው።

የከበደኝ ሌላው ነው። ግራ እጄ። የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። እጀታውን ለመያዝ ማየት ነበረብኝ። ማየቴን ለማቆም አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሃያኛዬን ስመዝ ሰማያዊው ሽጉጥ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እኔም ለራሴ «እንደገና» አልኩ። በድምፄ። ያንን ቃል የት እንደተማርኩት አሰብኩ። አጥሩ ጋ ለስምንት ዓመት ልጅ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አሰብኩ። እሷ አንድም ቀን አልችልም አላለችም። አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠርጋ እንደገና ታነሳ ነበር። እኔ ያንን እልህ ከእኔ የወረሰችው ነው ብዬ ስደሰት ኖርኩ።

ቢሆንም ጥፋት ፍለጋዬን አልተውኩም። የላስቲኩ ሱሪ አእምሮዬ ውስጥ ነበር። አንተ ዳርላን የለካሃት በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ በከረጢት ያመጣችው ሱሪ ሁሉ ወፍራም፣ ቀበቶ የሚገባበት ነበር። አሁን ሙቀት መጣ፣ ልብስ ተቀየረ። ጫማ ሻጭ ሆነህ ወቅት እንደሚለወጥ መርሳትህን ሳስብ ሰውነቴ ሞቀ። ማክሰኞ ወደ ትልቁ ከተማ ሄድኩ። እዚህ ከገዛሁ እስከ ምሳ ድረስ ሁሉም ይሰማል። የሴቶች ልብስ ክፍል ገብቼ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ስስ ጥቁር ሱሪ ስጪኝ አልኳት ሻጯን።

«ለባለቤትዎ ነው አባት?» አለችኝ።

«ለእኔ ነው።»

አልሳቀችብኝም። ልኬን ጠየቀችኝ። ቀጥሎም «ለመቆም ብቻ ነው ወይስ ይቀመጡበታል?» አለች። ይህን ጥያቄ በየሄድኩበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው።

ቤት መጥቼ ለበስኩት። ማንም አላየኝም፤ አንተም ይህን መስመር ለኖርማ አታነብላትም። አፎቱን ሰካሁ። መዘዝኩ፤ መልካም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መልካም። አምስተኛው ላይ ሽጉጡን ስመዝ አፎቱ አብሮ መጣ። መንጠቆው የሚይዘው ጠንካራ ነገር ስለሌለ ስሱን ጨርቅ ለቀቀው። እጄ ላይ የያዝኩት በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ቃታው የማይነካ ዕቃ ነበር። ደገምኩት። ከሃያ አምስት ጊዜ ሰባቱን አብሮ መጣ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደጻፍኩበት ነገር ደረስኩ፤ በፍጥነት ልለፈው።

ደስ አለኝ። ዌንደል፣ በሴት ሱሪ ቆሜ፣ ልጄ ልትሞትበት የምትችለውን ነገር እጄ ላይ ይዤ፣ ደስ አለኝ። ሳቅሁ መሰለኝ። እሑድ ምሳ ላይ ሳልጠራ መጥቼ፣ በኖርማ ፊት፣ በዳርላ ፊት፣ ሱሪውንና አፎቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ተንበርክከህ የለካኸው ይኸው ልልህ አሰብኩ። ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጀሁ። እሑድ እስኪደርስ ዝም አልኩ። ማክሰኞ ማታ ዝም፣ ረቡዕ ዝም፣ ሐሙስ ዝም። በእነዚያ ቀናት ልጄ ሦስት ባዶ ቤቶች አሳይታለች። ይህን የማውቀው የሽያጭ ሰሌዳዋ ካለባቸው ቤቶች ፊት መኪናዬን አቁሜ እጠብቅ ስለነበር ነው። ራቅ ብዬ፣ ሳታየኝ፣ ሪቮልቨሬን ጭኔ ላይ አድርጌ። ስልክ ላለመደወል ይህን ሁሉ አደረግሁ። ባንተ ላይ የማገኛት ድል እንዳትበላሽብኝ።

ሐሙስ በሦስተኛው ቤት ረጅም ሰው ገብቶ ብዙ ቆየ። ከመኪናዬ ወርጄ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄድኩ። በኋላ ከሚስቱና ከሕፃን ጋር ወጣ፤ ከእሱ ቀድመው ገብተው ኖሮ አላየኋቸውም። ዳርላ ከኋላቸው እየሳቀች ወጣች። ቁልፉን በግራ እጇ ቆለፈች። እኔ አጥሩ ሥር እንደ ሌባ ተደብቄ ነበር። ያ በመጋቢት በሩን የዘጋባት ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ምክንያት አልነበረውም ብዬ አሰብኩ፤ እሱ ክፉ ሰው ነው፣ እኔ ምንድን ነኝ?

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። መጀመሪያ በደህና ሄደ። አፎቱ አብሮ እንደሚወጣ ነገርኳት። እንዴት አወቁ አለችኝ። ሱሪ ገዛሁ አልኳት። 

«ምን ዓይነት ሱሪ?»

«ያንቺ ዓይነት። ወገቡ ላስቲክ የሆነ።»

«አባባ፣ ለበሱት?»

«ለበስኩት።»

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ የሰማኋት ልጅ ሳለች ነው። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። እዚያው ላይ ባቆም ኖሮ። ግን ሳቋ መሃል «ቆይ ለዌንደል ልንገረው» አለች፣ እኔም «ያ ጫማ ሻጭሽ ሊያስገድልሽ ነበር» አልኳት። የቀረውን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ስልኩን ዘጋችው።

አሁን የምጠይቅህን ልጠይቅ። ሰው ጠይቄ ስለማላውቅ ቅርፁ ባያምር አትፍረድብኝ።

ለላስቲክ ወገብ የሚሆን ነገር መስፋት እችላለሁ። ስስ ግን የማይተጣጠፍ የቆዳ መቀነት፣ ከሱሪው ሥር በሸሚዙ ላይ የሚታሰር፣ አፎቱ በላዩ የተሰፋበት፤ ስትመዝ የትም የማይሄድ። ሰማያዊው ሽጉጥ አለኝ። ቆዳውን ቆርጫለሁ። ለግራ። ግን ልኳ የለኝም። ቆማ የምትሆነውንና ተቀምጣ የምትሆነውን፣ አጥንቷ የት እንደሚቆረቁራት፣ መኪና ውስጥ ስትገባ የቱ ጋ እንደሚጫናት አላውቅም። እኔ ሜትር ይዤ ብቀርብ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ የትም አያመኝም ትላለች። ልክ እንደ እናቷ። ያ ልክ አይሠራም።

ስለዚህ እሑድ ልምጣ። አንተ ወንበርህን አምጣና እንደምትጠይቀው ጠይቃት፤ እኔ ጥግ ተቀምጬ ቁጥሩን እጽፋለሁ። አፌን አልከፍትም። የስሜን ፊደል አልመታበትም፤ እሷ ምታበት ካላለች። ማን ሠራው ብለው ቢጠይቋት የምትለውን ትበል።

ቅናቱ ወጣልኝ ብዬ አልዋሽህም። ይህን ደብዳቤ ስታነብ ፊትህ ላይ የሚመጣውን ያንን የማዘን መልክ ሳስበው እንኳ ጥርሴ ይገጥማል። እስክሞት ሳልቀና አልውልም። ነገር ግን ቀንቼ መስፋት እችላለሁ፤ ስፌቱ አይጣመምም።

አንድ ነገር ብቻ ተውልኝ። የጓሮውን በር ከፍቼ ስገባ ሹካዋን ወደ ቀኝ እጇ ታዛውረዋለች። ያኔ አንተ ምንም አትበል፣ ኖርማም ምንም አትበል። እኔ እላታለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ እየተለማመድኩት ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ድምፄ ቁጣ እንዳይመስል ብዙ ጊዜ መድገም አስፈልጎኛል።

«ተይው ልጄ፣ በግራሽ ብዪ።»

አፎት ሰፊው
ሆሊስ ግሪር